የሃጂራ ዳጉሳ ተመዘነ

— ሄሎ?... ከሊል፣ ወዓለይኩም ሰላም። አከም ጅርታ?... አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ጎባ እንዴት ነው? ልጆቹስ?

— አዎ፣ የእማ ዳጉሳ ዛሬ ተመዘነ። ቆይ፣ ልንገርህ። ተመራማሪዎቹ ለጥናታቸው ማሳውን እኩል ለሁለት ከፍለውት የለ?... አዎ፣ አንዱ ላይ እንደድሮው ዩሪያ ብቻ። ሌላው ላይ ዩሪያውን ቀንሰው ያንን ቅጠል ላይ የሚረጨውን ፈሳሽ ማዳበሪያ... ናኖ ናይትሮጅን። አዎ እሱ፣ አንተ «ሽቶ ነው እንዴ?» ያልከው።

— ዩሪያ ብቻ ያገኘው ሦስት ኩንታል ከሃያ ኪሎ። የተረጨው አራት ኩንታል ከአሥር... አራት ነው ያልኩህ። ሚዛኑን የያዘው ጎረቤታችን ዲኖ ነው፤ «ያታልሏችኋል» ሲል የከረመው። ሁለቴ መዘነው።

— እሱ ብቻ አይደለም እኮ፣ ስማኝ። መስከረም ላይ እታፈራሁ፣ ከሮቤ የምትመጣዋ ተመራማሪ፣ ረጭታ ከሄደች ሰዓት ሳይሞላ ዝናብ ጣለ። የእማ የአንድ ለአምስት ቡድን ማሳ ሁሉ ታጠበ... ሌሎቹማ ዝም አሉ። እማ ግን በነጋታው በሚኒባስ ሮቤ ሄደች። ቢሮዋ ገብታ «ዝናቡ ወስዶታል፤ ከኔ ማሳ የምትጽፊው እውነት አይሆንም» አለቻት... በኦሮምኛ ነዋ፣ አስተርጓሚ ፈልገው።

— እንዴት አትፈራ? «ከጥናቱ ያስወጡኛል» እያለች ነው የሄደችው። እታፈራሁ መጥታ የሁሉንም እንደገና ረጨች። እማ ባትነግራት ኖሮ የዓመቱ ልፋት ከንቱ ነበር። ዛሬ እታፈራሁ ራሷ ይህንኑ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። እማ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች... እኔማ አለቀስኩ።

— ሄሎ? ከሊል፣ ትሰማኛለህ?... አይ፣ አልተቀየመችህም። «መሬትሽን የተማሪ መጫወቻ አታድርጊው» ያልካት ቀን ከፍቷት ነበር፣ አልዋሽህም... እሱን ለራሷ ንገራት። ቆይ፣ ላቀብልህ።

— እማ፣ ከሊል ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ ይላል።

— ከሊል፣ ገበሬዎቹ ከበዋታል። ለአንድ መርጫ ከናኖው ስንት ክዳን እንደሚገባ እያሳየቻቸው ነው... ምን አልሽ እማ?... እሺ፣ እነግረዋለሁ።

— «ሥራ ላይ ነኝ በይው» አለች... አትሳቅ፣ እውነቷን ነው። ስትጨርስ ራሷ ትደውልልሃለች። በል፣ ቻው።