ቴቤሎ ራምፓይና የማትከፈተው ቢጫ ካሜራ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች። ፓስተር ሌካ፣ ከነጉባኤዎ። ከትናንት ጀምሮ ከድስት ሥር ያልተነሣችሁ የቀብር ማኅበራችን እሜዎች፣ እናቶቻችን። ብርድ ልብሳችሁን ደርባችሁ ከኔ ቀድማችሁ የደረሳችሁ ንታቴዎች፣ አባቶች፣ ከቴቤሎ ጋር አንድ የወርቅ ጉድጓድ የወረዳችሁ። እንደምን አደራችሁ?

ሴባታ ነኝ። እዚሁ ዌልኮም መሐል ከተማ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ካሜራ እሸጥ የነበርኩት፤ አሁን የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው የማነሣው። አብዛኞቻችሁን "አንገትህን ቀና አድርግ፣ አትሳቂ" እያልኩ ተቆጥቻችኋለሁ። የፕሮግራም መሪያችን አምስት ደቂቃ ሰጥቶኛል። አይበቃኝም፣ ከወዲሁ ልንገርህ። አካፋ የያዛችሁ ልጆች፣ አካፋችሁን ተደግፋችሁ ጠብቁኝ።

በእጄ የያዝኳትን አያችኋት? ቢጫ ካሜራ ናት። ውሃ አታስገባም ተብላ የተሸጠች፤ የሸጥኳትም እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ቴቤሎ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ በፎጣ እንደጠቀለላት ሰጠኝና "ሴባታ፣ ይህቺ ከኔ ጋር ትቀበር" አለኝ። እሺ አልኩት። ለሚሞት ሰው እምቢ ይባላል? ትናንት ከሰዓት ደግሞ ልጁ ፑሌንግ ሱቄ መጣች። "ንታቴ ሴባታ፣ የእናቴ ፎቶ ያለው እሷ ውስጥ ብቻ ነው። እባክህ አታስቀብርብኝ" አለችኝ። እሷንም እሺ አልኳት። እናት የሌላት ልጅስ እምቢ ትባላለች? ይኸው ሁለት እሺ ይዤ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ መውጫ አላገኘሁም። አሁንም አላገኘሁም። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቴቤሎ መራጭ ነበር። ለሚስቱ ለማፑሌንግና ለትንሿ ልጁ ለፑሌንግ "ለገና እረፍት ደርባን ወስጄ ባሕር አሳያችኋለሁ" ብሎ ቃል ገባ። ለዚህ ደግሞ ካሜራ ያስፈልጋል አለ። ተራ ካሜራ አይሆንም፣ ውሃ የማያስገባ ይሁን አለ። ጥሩ። አርብ ከሥራ ሲወጣ መጣ። መስኮቴ ላይ ሦስት ነበሩኝ፤ ቢጫዋ፣ ጥቁሯና ብርማዋ። "ቢጫዋ ስንት ሜትር ትጠልቃለች?" አለኝ። አምስት አልኩት። ሳቀብኝ። "እኔ በየቀኑ ሁለት ሺህ ሜትር እየወረድኩ፣ ካሜራዬ አምስት ሜትር?" ጥቁሯ አሥር ትጠልቃለች አልኩት። "አሥራ አንደኛው ላይ ምን ትሆናለች?" አለኝ። ምን ልበለው? ትሞታለች አልኩት። ሳይገዛ ሄደ።

በቀጣዩ አርብ መጣ። ከእጅ ብታመልጥ ትንሳፈፋለች ወይስ ትሰምጣለች? አለኝ። በሌላኛው አርብ መጣ። መስታወቷ ጉም ይይዘዋል? እርጥብ ጣት አዝራሯን ይስታል? አለኝ። ሌላም አርብ መጣ፤ በሯ ዙሪያ ያለችውን የጎማ ቀለበት አውጥቼ አሳየሁት። ውሃ እንዳይገባ ይህቺን ጎማ በጣትህ ጫፍ ቫዝሊን ትቀባታለህ፣ ፀጉር እንዳይቀርባት፣ አሸዋም እንዳይነካት፣ አልኩት። እንደ ሕፃን አቅፎ አያት። ሳይገዛ ሄደ። ሦስት የገና እረፍት እንዲህ አለፈ። አማቱ እሜ ማሴቻባ፣ ይኸው እዚህ ወንበር ላይ ያሉት፣ "ሲመርጥ ሲመርጥ ምራጭ ላይ ይወድቃል" ይሉት ነበር። አልዋሸሁም አይደል እሜ?

እኔስ ረዳሁት? የት አባቴ! ሊቆርጥ ሲል "ቆይ፣ በሰኔ አዲስ ዓይነት ይመጣል" እለው ነበር። ለምን? ወሬው ይጥመኝ ነበራ። ሚስቱና ልጁ ባሕር ሲጠብቁ፣ እኔ አርብ እጠብቅ ነበር።

አንድ አርብ ዝናብ ሱቄ ውስጥ ዘጋን። ጣሪያው ላይ ውሃው ሲንደቀደቅ ቴቤሎ ወንበሩን ከበሩ አራቀ። ያን ቀን ነገረኝ። እዚህ ከቆማችሁት ሁለታችሁ አብራችሁት ነበራችሁ፤ የወርቅ ጉድጓዱን ውሃ ሞልቶት መውጫ ሲዘጋባችሁ። ዘጠኝ ሰዎች፣ ሁለት ቀን፣ ውሃ እስከ ደረት። የራስ መብራታችሁ አንድ በአንድ ጠፋ። ጨለማው ሲከፋ አንድ ሽማግሌ "እያንዳንድህ የሚስትህን ፊት ንገረን" አለ። በተራ፣ በቁጥር። አንደኛ ግንባሯ፣ ሁለተኛ ጥርሷ፣ ሦስተኛ ስትቆጣ አፍንጫዋ የሚሆነው። "ስንወጣ" አለኝ ቴቤሎ፣ "የስምንቱንም ጓደኞቼን ሚስቶች መንገድ ላይ ባገኛቸው በመልካቸው ለይቼ ሰላም እላቸው ነበር።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ውሃ አልወድም፣ ሴባታ" አለኝ። ያኔ ገባኝ። ሰውየው ካሜራ አልነበረም የሚመርጠው። ባሕሩን እየሸሸ ነበር፤ መሸሸጊያው ደግሞ የኔ መስኮት ነበር።

ማን አወጣው? ማፑሌንግ ናታ! በአራተኛው ዓመት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቄ ገባች። እሱ ከኋላዋ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሟል። "ንታቴ ሴባታ፣ አውቶቡሱ ነገ ነው። ባሌን ሦስት ዓመት ተውሰኸዋል፣ አሁን መልስልኝ። ቢጫዋን ጠቅልልልኝ" አለችኝ። ሳቅሁ። አፈርኩም። ፊልም አጉርሼ እሰጣችኋለሁ፣ ደርባን ላይ በሯን እንዳትከፍቱ፣ አሸዋ ይገባባታል፣ አልኳቸው። ጎማዋን ቀባሁ። በሯን ዘጋሁ። ሸኘኋቸው።

ሰኞ ጠዋት መደርደሪያዬን ስወለውል፣ ከመጥረጊያው ጨርቅ ሥር አንድ ፊልም አገኘሁ። ሃያ አራት ፎቶ የሚያነሣ፣ ካርቶኑ የተቀደደ። የነሱ ፊልም ነበር።

ፑሌንግ፣ እዪኝ ልጄ። ይህቺ ካሜራ ባዶ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ ነበረች። ጥፋቱ የኔ ነው። ወሬው፣ ሳቁ ጠልፎኝ በሯን በባዶ ዘጋሁባችሁ።

አታጉረምርሙ፣ ልጨርስ። ያን ሳምንት እንዴት እንደኖርኩ አትጠይቁኝ። ሲመለስ እነግረዋለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄ እነግረዋለሁ አልኩ። አርብ መጣ። ካሜራዋን አልያዘም። "በሯ አልከፈት አለ" አለኝ። እናንተ ታውቃላችሁ፣ ከባሕር የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባም። ለበረከት የባሕር ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ለሆድ፣ አንዱ ለደጃፍ፣ አንዱ ላልሄደው ጎረቤት። እሜ ማሴቻባ ደግሞ "ከባሕር የመጣ ዕቃ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፣ በረከቱ ይሄዳል" ብለው ካሜራዋን ሳትታጠብ አስቀመጧት አለኝ። ጨው በሯን ነክሶ ያዘው አለኝ። አመንኩት። እዚህ አገር ይህን የማያምን ማን አለ? እኔ ከንቱ ደግሞ እፎይ አልኩ። በግድ አትክፈታት፣ ፊልሙ ይበላሻል አልኩት። የትኛው ፊልም? ወይ ጉድ! ከዚያች ቀን ጀምሮ ተዘጋሁ።

ዓመት ሳይሞላ ያ ዐውሎ ነፋስ መጣ፤ የቴቤሎን ጣሪያ የወሰደው። የፎቶ አልበሙ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ከረመ። እያንዳንዱን ፎቶ በጥፍሬ ልለያይ ሞከርኩ፤ ፊቶቹ ከወረቀቱ ላይ ተልጠው ጠፉ። የሠርጉም፣ የክርስትናውም። ያን ጊዜ ቴቤሎ "ቢጫዋ ግን ውሃ አላስገባችም" አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ያን ቀን አፌን ከፍቼ ልንገረው? በሚቀጥለው ክረምት ማፑሌንግ በሳምባ ምች ሞተች። በቀብሯ ቀን ልንገረው? ፑሌንግ "እማዬ ምን ትመስል ነበር?" ማለት ስትጀምር፣ እሱም "ካሜራዋ ውስጥ አለች" ሲላት፣ ያን ጊዜ ልንገረው? ባለፈው ዓመት ሳምባውን ሐኪሞች ሲተዉት? እያንዳንዱ ቀን ካለፈው ቀን የባሰ ሆነብኝ።

እሱ ግን በየአርቡ መምጣቱን አልተወም። ይቀመጣል። ፎቶዎቹን ይነግረኛል። አዎ፣ ፎቶዎቹን። "ሰባተኛው ላይ ቀሚሷን በጥርሷ ይዛ ጠርሙስ ትሞላለች።" "አሥራ ሁለተኛው ላይ ማዕበሉ ገፍትሮ አስቀምጧታል፣ ባርኔጣዋ ብቻዋን እየሄደች ነው።" በቁጥር። አንድም ሳያዛንፍ። ሃያ አራቱንም፣ ዓመት በዓመት፣ እየመላለሰ። ስሳሳት ያርመኝ ነበር። "አይደለም፣ ያ ዘጠነኛው ነው" ይለኛል። እኔ ባዶ መሆኗን የማውቀው ሰውዬ፣ ራሴን እነቀንቅለት ነበር። ቅጣቴ ይሄ ነው እል ነበር።

ፑሌንግ፣ ነይ ልጄ። አሳልፏት እባካችሁ። ያዣት። ካቻቢቴ ይዤ መጥቻለሁ፤ በሯን እንፈለቅቀውና ባዶነቷን በዓይንሽ እዪ። ከዚያ እኔን የፈለግሽውን አድርጊኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ በእጅሽ ሞክሪ። ያቺን ቁልፍ ወደ ታች ሳቢያት።

...

ተከፈተች።

ሁላችሁም አያችሁ? ካቻቢቴው ኪሴ ውስጥ ነው። በአውራ ጣቷ ነው የከፈተችው።

እስቲ አምጪያት። ጨው የለባትም። እሜ ማሴቻባ፣ ይዩልኝ፣ የጨው ዘር የለባትም። ታጥባለች። ጎማዋ ደግሞ... ይህ ቫዝሊን ነው። ትኩስ ነው። እኔ የቀባሁት የአሥራ አንድ ዓመት ቫዝሊን እንዲህ አያብረቀርቅም። ሰው ሲከፍታት፣ ሲቀባት፣ ሲዘጋት ነው የኖረው። በጣት ጫፍ፣ ፀጉር ሳያስቀር፣ እንዳሳየሁት።

ያውቅ ነበር።

ወንድሞቼ፣ ቴቤሎ ያውቅ ነበር። ይህቺን ቁጥር ታያላችሁ? ፊልም ካለ በየፎቶው ትቆጥራለች። ደርባን ላይ ከዜሮ ንቅንቅ አላለችም፣ እሱ ደግሞ እንኳን ይህን፣ ድንጋይ ሊሰነጠቅ ሲል በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው። ባሕሩ ዳር ቆሞ ነው ያወቀው። አውቆም ማንሣቱን አልተወም፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ተጫናት፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ሚስቱን አያት፤ የመጨረሻዋን ለእሷ ሰጣት። ከዚያ ወደዚህ ተመልሶ፣ ጓደኛው እንዳያፍር፣ ጨው ዘጋት አለ። እኔ እሱ እንዳያዝን ስደብቅ፣ እሱ እኔ እንዳላፍር ሲደብቅ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በየአርቡ ፊት ለፊት ተቀምጠን አረጀን። "ከኔ ጋር ትቀበር" ያለኝስ ለምን ይመስላችኋል? የኔን ጥፋት ይዞልኝ ሊወርድ ነዋ!

ፎቶ እንደሌለ እያወቀ ለምን ቁጥር እየጠራ ነገረኝ? ለምንስ ያርመኝ ነበር? እናንተ ሁለታችሁ፣ ከዘጠኙ የተረፋችሁት፣ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ የሚደረገውን ነው ያደረገው። ሳላውቀው ሃያ አራቱንም እኔ ዘንድ አስቀምጦ ሄደ።

ስለዚህ ሁለቱንም እሺ እፈጽማለሁ። ካሜራዋ ከሱ ጋር ትውረድ፣ እንዳለኝ። ፎቶዎቹ ግን ያንቺ ናቸው፣ ፑሌንግ። ዘወትር አርብ ወደ ሱቄ ነይ። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ እየሰማ አሁን እሰጥሻለሁ።

አንደኛው። ባሕሩ ገና ሩቅ ነው፣ ጠዋት ነው። እናትሽ የግራ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። የቀኙን አንቺ ይዘሽ ሮጠሻል፣ የሚታየው ተረከዝሽ ብቻ ነው። ልትቆጣሽ አፏን ከፍታለች፤ ግን የፊት ጥርሶቿ መሐል ያለችው ክፍተት ትታያለች፣ ያቺን የምታሳየው ስትስቅ ነው። አንቺ አሁን እያለቀስሽ እንኳ የምታሳዪያትን ክፍተት።

ሃያ አራተኛውን ያነሣችው እናትሽ ናት። ያንን ለመጨረሻው አርብ ላቆይልሽ ነበር፤ አባትሽ ግን ሳይሰማው አይሂድ። ሃያ አራተኛው ላይ ቴቤሎ ባሕር ውስጥ ነው። ውሃው እስከ ደረቱ ነው። ዓይኑን አልጨፈነም።

ቴቤሎ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ አልልህም፣ ካልከኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖሃል። ካሜራህን እንካ። ትናንት ቆፋሪዎቹ ሲጨርሱ መሰላል አስደግፌ ጉድጓድህ ውስጥ ወርጃለሁ። አራቱንም ግድግዳ፣ መሬቱንም በእጄ ዳስሻለሁ። ደረቅ ነው። ውሃ የለውም፣ አይዞህ። ደህና ሁን።

ልጆች፣ አካፋ።