በብረት ይብቃህ
ብየዳ ድምፅ አለው። በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሆኜ የማጠናውም ይህንኑ ነበር። አንድ ቀን ናዝሬት ጋራዥ ገብቼ፣ የአሰብ መስመር ተሳቢ ሲበየድ ድምፁን በቴፕ ቀድቼ እንደጨረስኩ፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጥቶ ቴፑን ነጠቀኝ።

"ምንድነው የቀዳኸው?"

"የብየዳ ድምፅ ነው፣ ጓድ።"

"ለማን ልትልከው?"

ያኔ እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ቶሎ ቤቱ አይገባም። እኔ ግን ሥራዬን ስለማውቅ አልደነገጥኩም። "ይስጡኝና ላሰማዎት" አልኩት። ከፈትኩለት። ደህና ብየዳ ድምፁ እንደ ቁሌት ነው፤ ሳያቋርጥ ይንጣጣል። መጨረሻው ላይ ግን ቆረጥ ቆረጥ አለ።

"እዚህ ጋ ብረቱ አልተያያዘም። ከጫፉ ስንዝር ገባ ብሎ ያስመቱት።"

ጠባቂው በያጁን በዓይኑ አዘዘው። በያጁ ቅር እያለው ባሳየሁት ቦታ በመዶሻ ቢመታው ብየዳው ተሰነጠቀ።

ጠባቂው ቴፑን ከእጄ መልሶ ወስዶ አገላብጦ አየው። ከዚያ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰው ሲዋሽስ ይለያል?" አለኝ።

"እስካሁን የሞከርኩት በብረት ነው፣ ጓድ።"

ግራ ቀኙን ቃኘና ቴፑን መለሰልኝ። "በብረት ይብቃህ" አለኝ።