አጥር ጥግ የቆመው ሰሌዳ

በፈረንጆቹ 2016 ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የነዳጅ ዋጋ ወድቆ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ የተቀነሰበት ዓመት። ወደ ሰፈራችን ወደ ፎረስት ሎን በሚሄደው ባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ያወራሉ።

"ቤቴ ሊፈርስ ነው ልጄ። ሲቲው፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ አጥሬ ጥግ የግንባታ ማስታወቂያ ሰሌዳ ተክሏል።"

"ይፈርሳል ያለዎት ማነው፣ እትዬ?"

"ማኅበር ላይ ሁሉም አለ። ጎመኔን እንኳ ነቅዬ አደልኩት!"

"የሲቲው ማፕ እኮ ለሁሉም ክፍት ነው። አድራሻዎን ይንገሩኝ፣ በስልኬ ቼክ ላድርግልዎ።"

ነገሯት።

"ይኸው፣ የሚሠራበት ከጀርባዎ ያለው ባዶ መሬት ነው። የእርስዎን ቤት አይነካም።"

"ማርያምን በይ!"

"ማርያምን! መስመሩ ከአጥርዎ ወዲያ ነው።"

"እፎይ፣ ተመስገን! ጎመኔንስ ማን ይመልስልኛል?"

"የበሉት መጥተው ይትከሉልዎ!"

እኔ ፌርማታዬ ላይ ወረድኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ላይብረሪ ሄጄ፣ ሠራተኞቹን እኛ ደጅ የቆመውንም ሰሌዳ በዚያ ማፕ እዩልኝ አልኳቸው።