ታች ሙቀት፣ ላይ ብርድ

ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ አንዲት ሴት በመንገዳችን ጥግ ሻንጣ ሲጎትቱ አየሁ። ቀረብ ብዬ ሳይ ጎረቤቴ አዋላጇ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን የሰፈሩን እኩሌታ፣ እኔንም ጭምር፣ በእጃቸው ስለተቀበሉ ከዚህ ሌላ ስም ያላቸው አይመስለንም።

«እንደምን ዋሉ? መንገድ ነው?» አልኳቸው።

«መንገድስ አይደለም፤ ስደት ነው» አሉኝ። «እህቴ ከቤት አስወጣችኝ።»

ደነገጥኩ። እኚህ ሴትና ታናሽ እህታቸው ወላጆቻቸው በተውላቸው ባለ ፎቅ ቤት አብረው ያረጁ፣ አንዳቸው ሲያስነጥሱ ሌላኛቸው «ይማርሽ» የሚሉ ሰዎች ናቸው። ታናሽየዋ ዳቦና ኬክ ጋግረው ለሱቆች ያስረክባሉ፤ ታች ከወጥ ቤቱ አጠገብ ይኖራሉ። አዋላጇ ፎቅ ላይ ነው የሚተኙት።

«ምን ብለው አስወጡዎት?»

«አፏንማ አልከፈተችም። በብርድ ነው ያስወጣችኝ። እኔ ላይ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ እሷ ታች ማሞቂያውን ታጠፋለች። ወርጄ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሳልገባ መልሳ ዝቅ ታደርገዋለች። ሰው ሂጂልኝ ለማለት ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ልጄ ዘንድ መሄዴ ነው።»

ሻንጣውን ተቀብያቸው ምን እንደምል ሳስብ የእህታቸው ልጅ ካርቶን በብብቷ ይዛ ከወዲያ ማዶ መጣች። መሐንዲስ ናት፤ ሥራዋ የትልልቅ ሕንፃዎችን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ማስተካከል ነው። እናቷ በስልክ «አክስትሽ ልታብድብኝ ነው» ብለዋት ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መምጣቷ ነበር። ሻንጣውን ስታይ ነገሩ ገባት።

«አክስቴ፣ መሄድ መብትዎ ነው» አለች አክስቷን ጉንጫቸውን ስማ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማሞቂያው ቤቱ መሞቁን በምን ያውቃል?»

«ኮሪደሩ ላይ ያለችው ክቧ ነገር ናት የምትነግረው። አባታችን ያስገጠማት።»

«ቴርሞስታት የምንላት እሷን ነው። እሷ ደግሞ የምታውቀው የተሰቀለችበትን ቦታ ብቻ ነው፤ የተሰቀለችውም ከወጥ ቤቱ በር ጎን ነው። እማዬ ኦቨኑን በከፈተች ቁጥር ትኩሱ አየር ይመታታል። ያኔ ቴርሞስታቷ ቤቱ በሙሉ የሞቀ መስሏት ማሞቂያውን ታጠፋለች። ፎቅ ላይ ሰው እየበረደው መሆኑን ማን ይንገራት?»

አዋላጇ በጎን አዩዋት። «እናትሽ ጥሩ ጠበቃ ወልዳለች» አሉ።

«እንግባና ክርክሩን ተቀምጠን እንጨርሰው» አልኩ እኔ፤ ሻንጣው በእጄ ስለነበር ተከተሉኝ።

ጋጋሪዋ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። እህታቸውን አይተው ወለሉን አዩ፤ አዋላጇም ጣሪያውን አዩ። ልጅቱ እንዳላየች ሆና ካርቶኑን ከፈተች። ውስጡ አንድ አዲስ ቴርሞስታትና የክብሪት ሣጥን የሚያካክሉ ሦስት ነጫጭ ነገሮች ነበሩ።

«እነዚህ ሴንሰሮች ናቸው» አለች። «በየክፍሉ ተቀምጠው የክፍሉን ሙቀት ይለካሉ።»

አዋላጇ አንዷን አንስተው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። «ይህች ናት እኔን የምታሞቀኝ? እጄን እንኳ አላሞቀችም።»

«አታሞቅም፤ ትናገራለች እንጂ። አክስቴ፣ ሕፃን አተኮሰው ብለው ሲጠሩዎት ቴርሞሜትሩን የት ነበር የሚያደርጉት?»

«ብብቱ ሥር ነዋ። የት ላድርገው ታዲያ?»

«ኮሪደር ላይ ሰቅለው አያውቁም?»

አዋላጇ ሳቃቸውን ሊውጡት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ጋጋሪዋም ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ። አዋላጇ ግን ቶሎ የሚረቱ ሴት አይደሉም።

«ይሁን፤ መኝታ ቤቴ ውስጥ ጆሮ ልታስቀምጪ ነው ማለት ነው። በስልክ የማወራውን ሁሉ ልትሰማ።»

«ይህች ጆሮም ዓይንም የላትም። የምትልከው የክፍሉን ዲግሪ ብቻ ነው፤ የምትልከውም ለቴርሞስታቷ ነው፤ እንደ ሬዲዮ፣ ያለ ሽቦ።»

«ባትሪዋ ሲያልቅስ?»

«ከማለቁ በፊት ምልክት ታሳያለች። ቢረሳ እንኳ ቴርሞስታቷ በራሷ ልኬት ትሠራለች እንጂ ማሞቂያው አይቆምም።»

አዲስ ዕቃ ወደ ቤታችን ሲገባ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው ጉዳቱን ነው። መጠየቁ የብልህ ሰው ሥራ ነው። መልሱን ለመስማት ካልፈለግን ግን ጥያቄው እንቢ የምንልበት ሰበብ ይሆናል። አዋላጇን የማመሰግናቸው ጠይቀው ስለሰሙ ነው።

ልጅቱ አስቀድማ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋች። የድሮዋን ቴርሞስታት ፈትታ የትኛው ሽቦ የት እንደገባ በስልኳ ፎቶ አነሣች፤ አዲሷንም በዚያው መልክ አሠረቻት። የድሮዋን አቧራዋን ጠርጋ ለአክስቷ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም የአባታቸው ፎቶ ካለበት ጠረጴዛ ላይ አኖሯት። መብራቱ ሲመለስ የእያንዳንዷን ሴንሰር ቁልፍ ተጭና ከቴርሞስታቷ ጋር አስተዋወቀቻቸውና በየክፍላቸው ስም ሰየመቻቸው።

ፎቅ ስንወጣ አዋላጇ ከማሞቂያው ሙቀት የሚደርሰውን የግድግዳ ብረት፣ ራዲያተሩን፣ አሳዩ። «ከዚህ በላይ ስቀያት፤ ይሙቃት።»

«እዚያ ከሰቀልናት እንደ ኮሪደሯ ልትሳሳት ነው። መስኮት አጠገብም ብርዱ ያታልላታል፤ ፀሐይ የሚያርፍበትም ቦታ አይሆንም። ከአልጋው ትይዩ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ በደረት ቁመት እናድርጋት።»

ጥቂት ቆይተን ወርደን ቴርሞስታቷን ከበብናት። ልጅቱ ቁጥሮቹን አነበበች፤ «ኮሪደሩ ሃያ አምስት ዲግሪ፣ የአክስቴ ክፍል አሥራ አራት።»

ጋጋሪዋ ጠጋ ብለው ራሳቸው ደግመው አዩት።

«እትዬ፣ በዚህ ብርድ ነው የምትተኚው?» አሉ በቀስታ። «እኔ ከኦቨኑ ፊት ላቤ ሲንጠፈጠፍ አንቺ እየመጣሽ ከፍ ስታደርጊው፣ ታላቅነቷን ልታሳየኝ ነው እያልኩ በሆዴ አማሁሽ።»

አዋላጇ ዱቄት የነካውን የእህታቸውን እጅ ያዙ። «እኔ ደግሞ ሂጂልኝ ያልሽኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ሁለቱም ተቃቅፈው ሲስቁ የአዋላጇ ጥቁር ሹራብ በዱቄት ነጣ።

ልጅቱ ዕድሉ እንዳያመልጣት ቶሎ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «አሁን ፕሮግራሙን እንሙላ። ቀን ቀን ሁላችሁም የምትቀመጡበት የሳሎኑ ሴንሰር ይመራል። ከራት በኋላ የእርስዎ ክፍል ይመራል። ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት ደግሞ ሙቀቱ ዝቅ ይላል።»

«መቼ እንደምተኛ ዕቃ ሊያዘኝ?»

«እርስዎ ነዎት የሚያዙት። ሰዓቱን ይንገሩኝ፤ ካልተመቸዎት በአንድ ቁልፍ ይቀየራል።»

አዋላጇ ሰዓታቸውን ነገሯትና ድንገት ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ፤ ለእኔ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ እናትሽ ታች ልትቀቀል ነው?»

በዚህ ጥያቄ ጊዜ ክርክሩ ማለቁን አወቅኩ። ልጅቱም ገብቷት ፈገግ አለች። «ማሞቂያው አንድ ስለሆነ ሁለቱንም ፎቅ ያሞቃል፤ እውነትዎን ነው። ስለዚህ የእማዬን ራዲያተር በመዝጊያው እናሳንሰዋለን።» ሄዳ አሳነሰችው።

ብዙም ሳይቆይ የፎቁ ራዲያተር መንጣጣት ጀመረ። አዋላጇ መዳፋቸውን አሳረፉበት። ከዚያ ለልጃቸው ስልክ ደወሉና «አልመጣም፤ እንዲያውም እሑድ እናንተ ኑ። አክስትህ ኬክ ትጋግራለች» አሉት።

ከሳምንት በኋላ አዋላጇ እኔ ቤት መጡ። ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው ግድግዳዬን መዞር ጀመረ።

«ያንተን ቴርሞስታት ከመስኮቱ ትይዩ ማን ሰቀለልህ?» አሉኝ። «ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትመታት ሞቋል ብላ ታጠፋብሃለች፤ ልጆችህ ጓዳ ውስጥ ካልሲ ደርበው ያጠናሉ። ዋሸሁ?»

አልዋሹም። ልጆቼ በዚያች ሰዓት ካልሲ ደርበው እያጠኑ ነበር።

«ስማ» አሉ ተቀምጠው። «ይህ ነገር በሦስት መንገድ ጠቅሞኛል። መጀመሪያ ጉልበቴ ጧት ጧት አይቆረጥመኝም። ሁለተኛ ባዶ ክፍል በከንቱ አናሞቅም። ሦስተኛውን፣ የእኔንና የእሷን ነገር፣ እህቴ ነገ ራሷ ትነግርሃለች፤ እኔ ስናገረው ዕንባዬ ይመጣል። አሁን ወንበር ስጠኝና የልጆችህን ክፍል አሳየኝ፤ ሴንሰሯ የት እንደምትሆን ምልክት ላድርግልህ።»

ወንበሩን ተሸክሜ ተከተልኳቸው።