አማትና አማች በአንድ ፖስተር

ናሎንጎ፣ እንዴት አደርሽ? መንታዎቹስ ደህና ናቸው? ዝናቡ የወንደገያን መንገድ ወንዝ አድርጎት፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው ማተሚያ ቤትሽ የደረስኩት። አይ፣ አልቸኩልም፤ ማሽንሽ እስኪሞቅ ልቀመጥ። ጥጉ ላይ ኮምፒውተር የያዘችውን ልጅ እንዳንረብሻት ብቻ። ጆሮዋ ላይ የሰካችው ነገር ዘፈን አለው ወይስ ለጌጥ ነው? ... ለማንኛውም ቀስ ብዬ ላውራ።

የተማሪዎቹ ፊልም ላይ አማት ሆኜ መሥራቴን ሰምተሻል አይደል? አንድ ቃል አልናገርም እኮ። ለታመመው የልጄ ባል በየማለዳው የማቶኬ ሙዝ ቀቅዬ እወስዳለሁ፣ አጥሩ ሥር አስቀምጣለሁ፣ ፊቴን አዙሬ እመለሳለሁ። እሱ በሩ ላይ፣ እኔ አጥሩ ሥር፣ መሃላችን ያ ሰፊ ግቢ። አማት የልጇን ባል ከነካች እጇ እንደሚንቀጠቀጥ እዚህ አገር ያልሰማ ማን አለ? ፊልሙ በሙሉ ያ ግቢ ነው።

ታዲያ ፖስተሩን የሠራው ሰው... ስም አልጠራም፣ ወንድ ነው ሴት ናትም አልልም፣ ልማዴም አይደለም... እንዴት ያለ ባለሙያ መሰለሽ! ፎቶሾፑን ከፈተና ግቢውን አየው። ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ሲባክን አንጀቱ አልቻለም። እኔን ከአጥሩ ሥር ቆርጦ፣ እሱን ከበሩ ቆርጦ፣ ትከሻ ለትከሻ አጣበቀን። በተረፈው ቦታ ላይ ምን ቢያሰፍርበት ጥሩ ነው? የራሱን ስም! ከፊልሙ ስም እጥፍ አድርጎ። ምን ያድርግ? አሳንሶ ቢጽፈው እናቱ ከገጠር ሆና እንዴት ታነበዋለች?

ቸርነቱስ! ሃምሳ ዓመት ያጠራቀምኩትን መጨማደድ በአንድ ጠዋት ጠርጎልኛል። የጎሜሲ ቀሚሴ ትከሻ እንደ ቀንድ ቆሞ፣ ጉንጬ የተላጠ እንቁላል መስሎ... ሙሽራ! ያውም ከልጄ ባል ጎን! ግራ እጄ ላይ ስድስተኛ ጣት ጨምሮልኛል። ለቀለበቱ አስቦ ይሆን?

ናሙናውን መስኮትሽ ላይ ከለጠፍሽው ወዲህ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች "ናማቶቩ፣ ሳትጠሪን ተዳርሽ?" እያሉ በሳቅ ይሞታሉ። ሳቁን እችለዋለሁ። የእውነተኛው የልጄ ባል ሴቡንያ ግን፣ በየበዓሉ ከአጥር ውጭ ቆሞ በአክብሮት ሰላም የሚለኝ ያ ጨዋ፣ ፖስተሩን ሲያይ ሞተሩን አዙሮ ጠፋ። ልጄ "እማዬ፣ በአንቺ ቤት በኩል አናልፍም ብሏል" ብላ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ዛሬ ሁለት መቶው ቅጂ ታትሞ ከተማውን ከሞላ፣ የልጅ ልጆቼን የት ነው የማያቸው? በፎቶሾፕ?

ፎቶውን ወደ ቦታው መመለስ ከባድ ነው እንዴ፣ ናሎንጎ? እኔ አላውቅም፤ የማውቅ አይመስለኝም... ስድስተኛ ጣት ማብቀል ለሚችል ሰው ግን?

ምን አለች ልጅቷ? ... አሃ፣ ለካ ዘፈን የለውም! "ፖስተር ብቻ እኮ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል?" ነው ያለችው? እውነቷን ነው፤ አትሚው በቃ። ... ቆይ፣ ሳልመርቃትማ አይሆንም። ቀና በይ ልጄ፦

"እግዚአብሔር መልከ መልካም ባል ይስጥሽ። የሠርግሽን ፎቶ የሚያሰናዳውም እንደ አንቺው ባዶ ቦታ የማይወድ ባለሙያ ይሁንልሽ፤ እናትሽን ከባልሽ ጎን አስጠግቶ፣ አንቺን ከአጥሩ ውጭ ያውጣሽ። ስምሽን ግን፣ የኔ ልጅ፣ በትልቁ ይጻፍልሽ።"