የሰሚራ ዘበኞች

ዘሃራ ናት የበደለችኝ፤ ቦሌ ሚካኤል ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ። ልጇን ሰሚራን አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ልጅቷን የሰሊጥ ፍትፍት ባጎርሳት ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿም ሲር ሲር አለ። ዘሃራ ከእጄ ነጥቃ፣ "አንቺ ነሽ በዓይንሽ የበላሻት" አለችኝ። ቡዳ መባሉንስ በቻልኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ "አንቺ" መባሉ ግን አንገበገበኝ። ቢሆንም ተከትያት ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ሐኪም ቤት መርፌ ተወግታ እብጠቱ ጎደለ። ዶክተሩ፣ "እማማ፣ ዓይን አይደለም። ደማችን ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቁን ዘበኞች አሉ። የሰሚራዎቹ ሰሊጡ ጠላት መስሏቸው ያላቸውን መርዝ ሁሉ ረጩበት፤ ያሳበጣት እሱ ነው። ሁለተኛ ሰሊጥ እንዳትቀምስ" አለኝ።

"እንግዳን ከሌባ የማይለዩ ጅል ዘበኞች ናቸዋ" አልኩት።

ሳቀ። "ለክፋት አይደለም እማማ፤ ለእሷ ሳስተው ነው።"

ዘሃራን አየኋት፤ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ አንገቷን ደፍታለች። እሷም ሳስታላት ኖሯል ብዬ፣ ያዘጋጀሁትን ስድብ ዋጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሰሊጤን ጠራርጌ ገርጂ ላለችው እህቴ ላክሁ። እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጥቤ የዘሃራን በር አንኳኳሁ፤ ስትከፍትልኝም ጀርባዬን ሰጥቼ ጎንበስ አልኩና፣ "በይ አሳዝይኝ" አልኳት።