የቁርባን ቀን ምራቅ

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአክስቴ ጋር ፌርፋክስ ከተማ ውስጥ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከፊታችን የተቀመጡ እናት ጎናቸው ያለችውን የላብራቶሪ ጋዋን የለበሰች ልጅ ጠየቋት።

«የኔ እናት፣ ምራቅ ላይ ብርሃን የሚያበራው ማሽን የጥርስ ሳሙናን ያያል?»

«አዎ እትዬ፣ ምን ያህል እንደቀረ ይለካል።»

«ጭራሽ ከሌለስ?»

«ወዲያው ያውቃል።»

«ወዮልኝ!»

«ምነው?»

«ልጄ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው። በዚህ ሳሙና ጥርስሽን ቦርሺና ለሙከራ እዚህች ብልቃጥ ውስጥ ትፊልኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ቆርቤያለሁ። የቆረበ ሰው ይተፋል እንዴ?»

«ታዲያ የማንን ሰጧት?»

«የባለቤቴን! እሱ ደግሞ ከመፋቂያ በቀር ሳሙና አያውቅም።»

«ኦ ማይ ጋድ! ቴስት ሳታደርገው አሁኑኑ ይደውሉላት።»

«አጭበረበርሽ ብለው ቢያባርሯትስ? ቁጥሯን በቃሌ ባውቀውም ስልኬ ቤት ቀርቷል።»

አክስቴ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላቸው።